ስለ ኢትዮጵያና ጃፓን ወዳጅነት ለተጻፈው ከጣና ዳር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኢትዮጵያና ጃፓን ግንኙነት የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ በባሕር ዳር ብዙ ሲነበብና ሲያነጋግር ሰንብቷል። ጸሐፊው ሁለቱን አገሮች ወዳጅ ዴሞክራሲዎች ይሏቸውና ወዳጅነቱ ቀዝቅዟል፣ መጠንከር አለበት ይላሉ። ያቀረቧቸው ነጥቦች ባጭሩ እነዚህ ናቸው። የመሪዎች ጉብኝት ስለሳሳ ግንኙነቱ ተዳክሟል፤ ስለዚህ ተጨማሪ የመግባቢያ ሰነዶች ይፈረሙ። ሁለቱ አገሮች በፓርላማ የሚተዳደሩ ስለሆኑ በዓለም መድረክ ወገናቸው አንድ ነው። ጃፓን በሥራ ትዘገያለች፤ ስለዚህ ጥቃቅኑን ትታ በጣና ዙሪያ አንድ ትልቅ ግንባታ ትስጠን። የፎገራ ሩዝ የጃፓን የቴክኒክ ድጋፍ ፍሬ እንዳላፈራ ያሳያል። የዘጌ ቡና ቶኪዮ እንዲገባ ኤምባሲው እንቅፋቱን ያንሣልን። በመጨረሻም ባሕር ዳር ላይ ቆንስላ ይከፈት፣ ክልሉም በራሱ ከአንድ የጃፓን ክፍለ ሀገር ጋር ስምምነት ይፈራረም።

ወዳጅነቱ ይጠንክር በሚለው ከልብ እንስማማለን። የማንስማማው በመንገዱ ነው። ጸሐፊው የጠየቁት ነገር ሁሉ ቶኪዮ ወይም አዲስ አበባ ላይ የሚፈጸም ነው። ከወረታ፣ ከዘጌ፣ ከአባ ገሪማና ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት ተነሥቶ ለሚያየው ግን የጎደለው ከፊርማ በኋላ በእኛ በኩል መሠራት ያለበት ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጉብኝቱ እንጀምር። የሁለቱ አገሮች የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈረመው በ1930 ነው። በማግስቱ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልዑካን መርተው ጃፓን ሄዱ። በዚያው በ1931 የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም የ1889ኙን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገዋል። በወቅቱ ከዚህ የሞቀ ወዳጅነት አልነበረም ማለት ይቻላል። አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ጣሊያን አገራችንን ስትወር ግን ያ ውል አላዳነንም። በ1936 ማብቂያ ጃፓን የጣሊያንን ይዞታ አወቀች፤ ጣሊያንም በበኩሏ የጃፓንን የማንቹሪያ ይዞታ አወቀች። ሁለቱ ነገሥታት የተጻጻፉት ደብዳቤም ሆነ የልዑካኑ ጉብኝት ያንን ልውውጥ ሊያስቀር አልቻለም።

ከጦርነቱ በኋላ ግንኙነቱ በ1955 ታደሰ። በ1956 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃፓንን ሲጎበኙ፣ አገሪቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በመንግሥት እንግድነት የተቀበለቻቸው የመጀመሪያው የውጭ ርእሰ ብሔር ነበሩ። በ1960 አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። በ1964 አበበ ቢቂላ በቶኪዮ አሸነፈ፤ በ2014 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ አዲስ አበባ ገቡ። እነዚህን እናከብራቸዋለን። ይሁን እንጂ ጣና ዳር ላሉ ገበሬዎችና ነጋዴዎች የሚዳሰስ ነገር የመጣው ጋዜጣ ብዙም ባልጮኸባቸው ዓመቶች ነው። በ2008 የዓባይ በረሃው አዲስ ድልድይ ተመረቀ። በ2009 ካይዘን የሚባለው የጃፓን የማያቋርጥ የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ በአገራችን ፋብሪካዎች ተጀመረ። በ2015 ጃይካ፣ ማለትም የጃፓን መንግሥት የዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ የሚደግፈው የሩዝ ምርምር ፕሮጀክት በፎገራዋ ወረታ ላይ ሥራ ጀመረ። በ2017 ደግሞ የቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር የመሬት መራቆትን የሚያጠና የአምስት ዓመት ሥራ ከፈተ። የግንኙነትን ሙቀት በጉብኝት ብዛት የሚለካ ሰው እነዚህን ዓመቶች ባዶ አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ስለ መግባቢያ ሰነድ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መግባቢያ ሰነድ በአብዛኛው ሐሳብ መግለጫ ነው፤ ማንንም አያስከስስም፣ ማንንም አያስከፍልም። ግዴታ የሚፈጥረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት አስፈጻሚው የተዋዋለውን ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ የጸደቀውን ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርገዋል። ዝርዝር ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 1024 ተደንግጓል። በጃፓንም ካቢኔው የተዋዋለውን ስምምነት ፓርላማው ማጽደቅ አለበት፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ካልተስማሙ ወይም የላይኛው ምክር ቤት በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ የታችኛው ውሳኔ ይጸናል። እንግዲህ ጸሐፊው ዴሞክራሲ የሚለውን ነገር በቁም ነገር ከያዙት፣ መጠየቅ የነበረባቸው ስንት ሰነድ ተፈረመ ብለው ሳይሆን ስንቱ ምክር ቤት ቀረበ፣ ስንቱስ በጀት ተያዘለት ብለው ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ዴሞክራሲ የሆኑ አገሮች በዓለም መድረክ አንድ ወገን ናቸው የሚለው፣ በአንድ ትልቅ ጉዳይ ላይ ብቻ ተፈትኖ ይወድቃል። ጉዳዩም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ማሻሻያ ነው። ጃፓን ከጀርመን፣ ከሕንድና ከብራዚል ጋር ሆና ቋሚ መቀመጫ ትፈልጋለች። በ2005 አራቱ ያቀረቡት ረቂቅ አዲሶቹ ቋሚ አባላት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብታቸውን ለ15 ዓመት እንዳይጠቀሙ የሚያደርግ ነበር። አፍሪካ ደግሞ በዚያው ዓመት የኤዙልዊኒ ስምምነት በሚባለው የአፍሪካ ኅብረት የጋራ አቋም ሁለት ቋሚ መቀመጫ ከነሙሉ መብቱ፣ ድምፅ መሻርንም ጨምሮ፣ እንዲሁም አምስት ተለዋጭ መቀመጫ ጠየቀች። ሁለቱ ሐሳቦች አልተገናኙም፤ ሳይገናኙም ቀሩ።

ጃፓን የምትፈልገው ቁጥር ግልጽ ነው። የድርጅቱን ቻርተር ለማሻሻል በአንቀጽ 108 መሠረት ከ193 አባላት የሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም የ129 አገሮች ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያም ሁለት ሦስተኛው በየአገራቸው ሲያጸድቁት፣ አምስቱ ቋሚ አባላት በሙሉ ከአጽዳቂዎቹ መካከል መሆን አለባቸው። ያለ አፍሪካ 54 ድምፅ የሚቀሩት 139 ብቻ ስለሆኑ፣ ከእነሱ 11 እንኳ ካልደገፉ 129 አይሞላም። ኢትዮጵያ ግን የአፍሪካን አቋም ብቻዋን መለወጥ አትችልም። አቋሙን የሚመራው የአሥር አገሮች መሪዎች ኮሚቴ ነው፤ ኢትዮጵያ ከአሥሩ አንዷ አይደለችም። ልትሰጥ የምትችለው ጠቃሚ ነገር የኅብረቱ መቀመጫ አገር እንደመሆኗ ሁለቱን ሐሳቦች የሚያቀራርብ ውይይት አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ማድረግ ነው። ሁለቱ አገሮች በ2017 አብረው በምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ሆነው ስለተቀመጡ፣ አብሮ የመሥራት ልምዱ አላቸው።

ሌሎች ልዩነቶችም አሉ። ጃፓን የቡድን ሰባት አባል ስትሆን ኢትዮጵያ ከጥር 2024 ጀምሮ ብሪክስ ውስጥ ናት። በሌላ በኩል የእኛ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፍበት ጅቡቲ ላይ ጃፓን ከ2011 ጀምሮ የባሕር ላይ ዝርፊያን ለመከላከል የጦር ሰፈር አላት። የጋራ ጥቅሙ እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል፦ መርከቡ በሰላም ይድረስ። ስልታዊ ትብብር የሚባለው ነገር እንዲህ ካለ የጋራ ጥቅም ቢጀምር ይሻላል።

አሁን ወደ መዘግየቱ እንምጣ፤ በከተማችን በየቢሮው የሚሰማ ቅሬታ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበታለን። ጸሐፊው ለማነጻጸሪያ ያቀረቡት በ2024 የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን የባሕር ዳር አዲሱን የዓባይ ድልድይ ነው። ቻይና ቶሎ ሠራችልን ይላሉ። ያ ድልድይ በፌዴራል መንግሥታችን በጀት የተሠራ ነው፤ የቻይናው ኩባንያ ገንዘብ የተከፈለው ሥራ ተቋራጭ ነው። ለጋሽንና ተቋራጭን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።

የጃፓን የእርዳታ ግንባታ የሚያልፍበት መንገድ የሚከተለው ነው። ጥያቄው ከክልሉ ቢሮ ተነሥቶ ወደሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይሄዳል። ሚኒስቴሩ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ቅደም ተከተል አስይዞ ለኤምባሲው ያቀርበዋል። ቶኪዮ ከተቀበለችው ጃይካ የዝግጅት ጥናት ያካሂዳል፤ ንድፉ፣ የወጪ ግምቱና የተቀባዩ አገር ግዴታ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ጥናት ነው። የጃፓን ካቢኔ ሲፈቅድ ሁለቱ መንግሥታት ማስታወሻ ይለዋወጣሉ፤ ከጃይካ ጋር የእርዳታ ስምምነት ይፈረማል፤ የባንክ ውል ይገባል፤ አማካሪ መሐንዲስ ይቀጠራል፤ ጨረታ ይወጣል። ዋና ተቋራጩ እንደ ደንቡ የጃፓን ኩባንያ ነው።

መንገዱ ረጅም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሥራው በአብዛኛው የሚቆምበት ቦታ እኛ ጋ ነው። በጥናቱ ቃለ ጉባኤ ላይ የተፈረመበት የእኛ ድርሻ የታወቀ ነው፦ ወሰን ማስከበርና ለተነሺዎች ካሣ መክፈል፣ ውኃና መብራት እስከ ግቢው በር ማድረስ፣ አጥር ማጠር፣ የሚገባውን ዕቃ ከቀረጥና ከታክስ ነጻ ማድረግ፣ የባንክ ኮሚሽን መክፈል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ በጀት ካልተያዘለት ሥራው ይቆማል። የጃፓን የበጀት ዓመት ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ በፈረንጆች ወር ነው፤ የእኛ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። ስምምነቱ በእነሱ ዓመት ማብቂያ ላይ ከተፈረመ፣ ወረዳውና ከተማ አስተዳደሩ የካሣውን ገንዘብ በመጪው ሐምሌ በጀት ለማስያዝ የሚቀራቸው ጊዜ ጥቂት ወር ነው። ያ ካመለጠ አንድ ሙሉ ዓመት ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የካሣ ግምቱም የብረቱም ዋጋ ይለወጣል። መፍትሔው ግልጽ ነው፦ ካሣውና የመብራት መስመሩ ስምምነቱ እስኪፈረም ሳይጠበቅ፣ የዝግጅት ጥናቱ ቃለ ጉባኤ እንደተፈረመ በበጀት ጥያቄ ውስጥ ይግቡ። የቀረጥ ነጻ ደብዳቤውም ዕቃው ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት በዝርዝር ይጻፍ፤ የዕቃው ስም በደብዳቤውና በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ አንድ ካልሆነ ጉምሩክ ላይ ይያዛል፣ የመጋዘን ኪራይም ይቆጥራል።

አንድ ትልቅ ግንባታ ይሰጠን ለሚለው ሌላም መልስ አለ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 የአንድ ቢሊዮን ዶላሩን ቦንድ ወለድ ሳትከፍል ከቀረች ወዲህ የዕዳ ሽግሽግ ውስጥ ናት። በዚህ ሁኔታ አዲስ ትልቅ ብድር መጠየቅ በራስ ላይ ሸክም መጨመር ነው። በእርዳታና በቴክኒክ ድጋፍ ሊመጣ የሚችለውን መጠየቅ ይሻላል።

የተሰጠንን መጠበቅ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በደጀን በኩል የሚሄድ ሁሉ የሚያልፍበት የዓባይ በረሃው የጃፓን ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ በኬብል የተደገፈ ኮንክሪት ነው፤ ቆሟል። የሚንቀሳቀሰው ወደ ድልድዩ የሚያወርደውና የሚያወጣው መንገድ ነው። ከላይ ባዛልት አለ፣ ከታች የኖራ ድንጋይና ለስላሳ የጂፕሰምና የሸክላ ንብርብር። በቁልቁለቱ ላይ የተቆለለው ልቅ አፈርና ድንጋይ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱም እንደ ማዕበል ይታጠፋል። ጃይካ ከ2010 ጀምሮ ይህንኑ የመሬት መንሸራተት አጥንቶ ከባለሙያዎቻችን ጋር ሠርቷል። የጥናቱ ፍሬ ነገር ውኃን ከቁልቁለቱ ማስወጣት ነው። እንግዲህ ክረምት ሳይገባ ቦዮቹና የውኃ ማሳለፊያ ቱቦዎቹ ከወደቀ ድንጋይ ካልጸዱ፣ ውኃው መንገዱ ሥር ይገባል፤ ምንም ዓይነት የውጭ እርዳታ ይህንን አይተካም። የክብደት ሚዛኑም እንዲሁ ነው። በመንገድ ምሕንድስና በሚሠራበት ስሌት ጉዳቱ በክብደቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ 10 ቶን እንዲሸከም የተወሰነ አክስል (የመኪናው ጎማዎች የሚያያዙበት ዘንግ) 12 ቶን ሲጫን በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሚዛን ላይ አንድ የጭነት መኪና በቸልታ ሲያልፍ የሚጎዳው የወዳጅ አገር ሕዝብ ከግብሩ ያዋጣበት መንገድ ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ስለ ሩዝ የተጻፈው ነው። ጸሐፊው ጃፓን ሩዝ አስተማረችን፣ ግን አሁንም ከውጭ እንገዛለን፣ ስለዚህ ድጋፉ ከሽፏል ይላሉ። በመጀመሪያ ነገሩ ከሥሩ ይስተካከል። ሩዝ ፎገራ ሜዳ ላይ በስፋት የታወቀው ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት፣ በደራ ጅግና እና በፎገራ ሻጋ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። እስከ ዛሬ ገበሬው አጥብቆ የያዘው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የጃፓን እጅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ2008 ቲካድ በሚባለው የጃፓንና የአፍሪካ የልማት ጉባኤ አራተኛ ስብሰባ የአፍሪካን የሩዝ ምርት በአሥር ዓመት ከ14 ወደ 28 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ የተያዘው ጥረት ሲጀመር ኢትዮጵያም ገባችበት፤ ብሔራዊ የሩዝ ስትራቴጂም ወጣ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ጃይካ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልን በባለሙያ፣ በመሣሪያና በሥልጠና ደገፈ።

ገበሬው ለምን ኤክስ ጅግናን አልተወም? ፎገራ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሩዙ የሚያዘረዝረው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በዚያ ሰሞን የሌሊቱ ቅዝቃዜ ሲበረታ አበባው ይመክናል፣ ዘለላው ባዶ ሆኖ ይቀራል። በቆላ የተመሰገነ ዝርያ እዚህ መጥቶ ገለባ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኤክስ ጅግና ብርዱን ይችላል። ገለባውም ለከብት ይፈለጋል። ስለዚህ አዲስ ዝርያ ሲወጣ መለኪያው በሄክታር የሚሰጠው ኩንታል ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ብርድ መቻሉ፣ የገለባው ብዛት፣ እንጀራ ላይ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ መስማማቱ ሁሉ አብሮ ይታያል። እንዲህ ያለው ሥራ በሁለትና በሦስት ዓመት አያልቅም።

ከውጭ ሩዝ የምንገዛው ግን በማሳው ብቻ ምክንያት አይደለም። ትልቁ ኪሳራ ያለው በአጨዳና በወፍጮ መካከል ነው። ሩዝ መታጨድ ያለበት የፍሬው እርጥበት ከ20 እስከ 22 በመቶ ሲሆን ነው። የሰው ጉልበት ጠፍቶ ወይም ጓያው እስኪዘራ ተብሎ ሜዳ ላይ ሲቆይ ፍሬው ቀን ይደርቃል፣ ሌሊት ጤዛ ይጠጣል፤ ደርቆ እንደገና ሲረጥብ ውስጡ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን ብዙም አይታይም፤ ወፍጮ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል። ከታጨደ በኋላም መሬት ላይ ተከምሮ ከከረመ ይሞቃል፣ ቀለሙ ይበላሻል። የሚሻለው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሸራ ላይ አስጥቶ ቶሎ ቶሎ እያገላበጡ ወደ 14 በመቶ ማውረድ ነው። በቀትር ፀሐይ አስፋልት ላይ ማስጣት ለጊዜው ያፈጥናል፤ ፍሬውን ግን ይሰነጥቀዋል።

ጠጠሩም ከዚሁ ይመጣል። በከብት እግር መሬት አውድማ ላይ ሲወቃ አፈርና ጠጠር ይቀላቀላል። የወረታ ሩዝ ገበያ ላይ ከውጭ በመጣው የሚበለጠው በጣዕም አይደለም፤ በስባሪ፣ በጠጠርና በቀይ ቅንጣት ነው። ቀዩ ቅንጣት የሚመጣው ዘር ሲደባለቅ ነው፤ ገበሬው ያለፈውን ዓመት ምርት ሳይለይ ለዘር ሲያስቀምጥ ቀዩ ሩዝ በየዓመቱ ይበዛል።

ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ገለፈት፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎው ለከብት መኖ የሚሆን ብናኝ ነው። በጥሩ አያያዝ ከ65 ኪሎ በላይ ነጭ ሩዝ ሊገኝ ይችላል። የብረት ሲሊንደር ያለው አሮጌ መፈልፈያ ገለፈቱን ለማውጣትም ነጩን ለማጥራትም በአንድ ጊዜ ስለሚጨምቅ ስባሪው ይበዛል። የጎማ ሮለር ያለው ገለፈቱን በአንድ በኩል ያወልቅና ማጥራቱን ለብቻ ያደርጋል። ነገር ግን ጎማው ይበላል፤ በወቅቱ ካልተቀየረ፣ በሁለቱ ሮለሮች መካከል ያለው ክፍተትም ካልተስተካከለ ጥቅሙ ይጠፋል። መለዋወጫው ከውጭ ስለሚመጣና የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስፈልገው ባለ ወፍጮው ጎማውን እስኪያልቅ ይነዳዋል። እንግዲህ ጸሐፊው ለጃፓን አንድ ነገር መጠየቅ ከፈለጉ ይኸው ነው፦ በወረታ ላሉት ባለ ወፍጮዎች የመለዋወጫ አቅርቦትና የመካኒክ ሥልጠና፣ ለሰብሳቢ ማኅበራት ደግሞ በእጅ የሚያዝ የእርጥበት መለኪያ። ነጋዴው በእርጥበት መለኪያ ለይቶ የተሻለ ዋጋ ከከፈለ ገበሬው በጊዜ ያጭዳል፣ ሸራም ይገዛል። ካልከፈለ ግን የሥልጠናው ወረቀት ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

አባ ገሪማ ላይ የተሠራውን ጸሐፊው ሳይጠቅሱት ማለፋቸው ይገርማል። ከባሕር ዳር ቅርብ በሆነው በዚህ ተፋሰስ፣ በአዊው ጉደርና በቆላው ድባጤ ጎን ለጎን፣ የቶቶሪና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተለኩ ማሳዎች ላይ ጎርፍና የሚታጠበውን አፈር መዝነዋል። እርከን ብቻውን ሲሠራና እርከኑ በሣር ሲጠናከር ያለውን ልዩነት በቁጥር አሳይተዋል። ወደ ጣና የሚወርደው ደለል ከየት እንደሚመነጭ ለሚያስብ ሁሉ ይህ የሁለት አገሮች ወዳጅነት እውነተኛ ሰነድ ነው።

ወደ ዘጌ ቡና እንሂድ። ጸሐፊው የጃፓን ገበያ በዲፕሎማሲ ይከፈት ይላሉ። ገበያው ክፍት ነው። ጥሬ ቡና ጃፓን ሲገባ ቀረጥ አይከፍልም። የሚያስቆመው የተባይ መድኃኒት ቅሪት ነው። ጃፓን በ2006 ባወጣችው ሥርዓት የተለየ ገደብ ላልተቀመጠለት ኬሚካል ሁሉ ወሰኑ 0.01 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 0.01) ነው። ይህ ማለት በ100 ቶን ቡና ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። ባለ 60 ኪሎ 300 ጆንያ በሚይዝ አንድ ኮንቴይነር ላይ ሲሰላ፣ ከአንድ ግራም አንድ አምስተኛ ያነሰ ኬሚካል ጭነቱን በሙሉ ያስመልሳል። በ2008 የኢትዮጵያ ቡና ላይ ቅሪት ሲገኝ የሆነው ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ ጃፓን ከዋና ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች፣ ሽያጩም ክፉኛ ወደቀ። ገበሬው ቡናው ላይ መድኃኒት አልረጨም። የተጠረጠረው ጆንያው ነበር።

ዘጌም በጫካ ጥላ ሥር ያለ መድኃኒት የሚበቅል ቡና ነው፤ ስጋቱ ከተለቀመ በኋላ ያለው ነው። እሸቱ ቀይ ቀዩ ተለቅሞ በአልጋ ላይ ይሰጣ፤ መሬት ላይ የተሰጣ ጀንፈል አፈሩንም አፈሩ ውስጥ ያለውንም ይስባል። እርጥበቱ ወደ 11.5 በመቶ ሲወርድ ይሰብሰብ። የማዳበሪያ፣ የጸረ ተባይ ወይም የተረጨ እህል ጆንያ ፈጽሞ አይነካው፤ ታጥቦም ቢሆን። ነቀዝ እንዳይበላው ማላታይን የተረጨበት በቆሎ ባለበት ጎተራ ወይም መጋዘን አብሮ አይቀመጥ። በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ሲሻገርም ከሌላ ጭነት ይለይ። ከዚያ የየማኅበሩ ምርት ለብቻው ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከመጫኑ በፊት ናሙናው በላቦራቶሪ ይመርመር። አንዱ ቁጥር ቢወድቅ ሌላው ይተርፋል፤ ሁሉም ከተደባለቀ ግን የአንድ ሰው ጆንያ የሁሉንም ልፋት ያጠፋል። አምባሳደር ይህን ሊሠራልን አይችልም። አምባሳደር ሊያግዝ የሚችለው ላቦራቶሪያችን የሚሰጠው ውጤት ቶኪዮ ላይ እንዲታመን፣ ባለሙያዎቹም በጃፓን የምርመራ ዘዴ እንዲሠለጥኑ ነው። ይህንን ቢጠይቁልን እናመሰግናለን።

ስለ ቆንስላው ብዙ አንልም። በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት መሠረት የቆንስላ ዋና ሥራ የራስን ዜጎች መጠበቅ፣ ፓስፖርትና ቪዛ መስጠት፣ ሰነድ ማረጋገጥና ንግድን ማገዝ ነው። በባሕር ዳር የሚኖሩ ጃፓናውያን ጥቂት ናቸው። ለጥቂት ሰው የሚከፈት ቢሮ የሚያመጣው ሕንፃና ባንዲራ ነው።

የክልሉ ስምምነት ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 8 የውጭ ግንኙነት ፖሊሲም ሆነ ዓለም አቀፍ ስምምነት መዋዋል የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። ክልሉ ከጃፓን ክፍለ ሀገር ጋር ውል ቢፈርም ጃፓኖቹ ራሳቸው ሕጋዊነቱን ይጠይቃሉ። የሚቻለው የከተሞች እኅትማማችነት ነው፤ ባሕር ዳር ከአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ጋር ከ2004 ጀምሮ አላት። በጃፓን በኩል ይህንን የሚመዘግበው የአካባቢ አስተዳደሮች የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምክር ቤት እኅት ከተማ ብሎ የሚቆጥረው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ የሁለቱም ከተሞች ኃላፊዎች የፈረሙበት ሰነድ፣ በአንድ ዘርፍ ያልታጠረ ልውውጥ፣ የከተማው ምክር ቤትም የተቀበለው በጀት። ስለዚህ የባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት በስም የታወቀ ተጠሪና በየሐምሌው የሚታደስ በጀት ይዞ ቢነሣ ይመረጣል። የሐይቅ ዳር ከተማ መፈለግም ይጠቅማል፤ ጃፓን የሐይቅ ውኃን ከእርሻ ፍሳሽ በመጠበቅ ረጅም ልምድ ስላላት፣ ከእምቦጭ ጋር ለምንታገለው ለእኛ መነጋገሪያ ርእስ አይጠፋም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ለወጣቶቻችን ግን ቅርብ የሆነው በር ትምህርት ነው። የጃፓን መንግሥት የድኅረ ምረቃ ስኮላርሺፕ በሁለት መንገድ ይሰጣል። በኤምባሲው በኩል የሚሰጠው በአብዛኛው በፀደይ፣ በእኛ በሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ይታወጃል፤ የወረቀት ማጣራት፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይከተላል። ይህን ያለፈ አመልካች ራሱ ለጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ጽፎ የቅድመ ተቀባይነት ደብዳቤ ማግኘት አለበት፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፣ ፕሮፌሰር መፈለግ የሚጀምሩት ካለፉ በኋላ ስለሆነ ጊዜው ያልቅባቸዋል። ሁለተኛው የጃፓኑ ዩኒቨርሲቲ ራሱ አብሮት ከሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያቀርብበት ነው፤ አባ ገሪማ ላይ አብረው የሠሩ መምህራን ስላሉ ባሕር ዳር ለዚህ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ከ2013ቱ የቲካድ ጉባኤ ወዲህ ያለው የአቤ ኢኒሼቲቭም ከማስተርስ ትምህርቱ ጋር በጃፓን ኩባንያ የሥራ ልምምድ ይሰጣል። ወረታ ላይ ሩዝ የሚያጠና፣ ወይም የቡና ቅሪት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ወጣት የጥናት ሐሳቡን ሁለት ገጽ አድርጎ ከመስከረም ጀምሮ ለፕሮፌሰሮቹ ቢልክ፣ ትራንስክሪፕቱንም ቀድሞ ቢያስወጣ፣ ማስታወቂያው ሲወጣ የሚቀረው ቅጹን መሙላት ይሆናል።